ቱቦው ውስጥ ዝም ያለ ሰው

አጎቴ ካኮረፉ የሚያናግሩኝ በመዶሻ ነው። ለቀልድ አይደለም የምለው። መርሳ አጠገብ በነበረው የውሃ መስመር ሥራ ላይ እሳቸው ትልቁ የብረት ቱቦ ውስጥ ተኝተው፣ እኔ ከውጭ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ «አጎቴ፣ ደህና ነዎት?» ብዬ ስጮህ መልሳቸው አንድ የመዶሻ ምት ነበር። ጓ! አለሁ፣ አትነዝንዢኝ ማለታቸው ነው። አንዳንዴ ያንንም ይነፍጉኝ ነበር። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል፤ ቱቦውን በእግሬ መትቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሰው በኩርፊያ ሊሞት ይችላል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ብየዳን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወልድያ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በርና መስኮት የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነበራቸው። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ብየዳ ልማር ስል እናቴ ራሷን ይዛ ስትጮህ፣ «ተያት፣ የዚችን ምላስ እሳት ካልገራው ባል አይገራውም» ብለው ያስፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜና እሁድ እሳቸው ዘንድ እውላለሁ። እጄን በእጃቸው ይዘው ነው ቀጥ ያለ መስመር ያስጣሉኝ። ስሳሳት አይቆጡም ነበር፤ ብየዳውን በመዶሻ መትተው ይሰብሩትና «እንደገና» ይላሉ። እኔ ደግሞ «እንደገና» የሚል ቃል ስሰማ ያንገበግበኛል። ቢሆንም የተማርኩት በዚያ ቃል ነው።

በጦርነቱ ወርክሾፑ ባዶውን ቀረ። ከበሩ ቁልፍ በስተቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከሀብሩ ቆላ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ወደ ከተማ ውሃ የሚያመጣው መስመር ሥራ ሲጀመር፣ ኮንትራክተሩ በያጅ ይፈልጋል ሲባል ሁለታችንም ጠዋት በሚኒባስ ወርደን ተመዘገብን። ውሃው ለእኛም ቤት ነበር። ወልድያ ውስጥ ቧንቧ ከፍቶ የአየር ፉጨት ብቻ የሰማ ሰው ለምን ደስ እንዳለን ይገባዋል።

ቱቦው ሰው ቆሞ የሚሄድበት አይደለም፤ በሆድ ተስቦ የሚገባበት ነው። ሁለት ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ይገጠሙና ዙሪያቸውን ከውጭ ይበየዳሉ። የመጀመሪያው ዙር ሩት ይባላል፤ ከላዩ የሚደረበው ብየዳ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ነው። ሩቱ ወደ ውስጥ በደንብ መዝለቁን ግን ከውጭ ያለ ሰው ሊያየው አይችልም። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይገባል፣ በጀርባው ተኝቶ እሳቱን ከውስጥ ይከተላል፣ የጎደለ ካየ ይጮሃል፣ የተረፈውን ይሞርዳል። ሥራው የቀጭን ሰው፣ ጨለማና ጥበት የማያስፈራው ሰው ሥራ ነው። አጎቴ እንደ ጅራፍ የቀጠኑ ናቸው፤ ፍርሃትን በተመለከተ ደግሞ ከእናቴ በቀር የሚፈሩትን ሰው አላየሁም።

ውስጥ ያለው ሰው መተንፈሱን ውጭ ያለው በምን ያውቃል? የደህንነት ኃላፊው መልሱን አዘጋጅቶ ነበር። ሬድዮ ሰጠን፤ ሬድዮው ብረቱ ውስጥ ሲገባ መንጫጫት ብቻ ሆነ። አየሩ ሲበላሽ የምትጮህ ትንሽ ሳጥን ሰጠን፤ አጎቴ ከጃኬታቸው ኪስ ከተቷት፣ ጃኬቱን ደግሞ ሙቀቱን ስለማይችሉት ሁልጊዜ ውጭ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። ወገባቸው ላይ የሚታሰር ገመድም ነበር፤ እሱ ብቻ በቦታው ቀረ፤ ምክንያቱም የሚያስረው ሌላ ሰው ነበር። እኛ ግን የምናምነው ሌላ ነገር ነበር። አጎቴ ከገቡበት ጊዜ እስከሚወጡ ድረስ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። ድምፃቸው በቱቦው ተንከባልሎ ሲወጣ ከሰውዬው የበለጠ ወፍራም ነው። ጄነሬተር የሚጠብቀውም፣ ኬብል የሚጎትተውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ጆሮው እዚያ ድምፅ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ለሥራ ሌላ ሰው ሲገባ ፎርማኑ፣ «አንተ ደግሞ የምታውቀውን ዝፈን፣ ዝም ያልክ እንደሆን በገመድ ነው የማወጣህ» ብሎት ልጁ ትዝታ እየዘፈነ ሲሠራ ዋለ።

ከዚያ ሮቦቱ መጣ። በሣጥን ታሽጎ ሲወርድ ሁላችንም ከበብነው። ሮቦት ሲባል እጅና እግር ያለው ነገር የጠበቁ ነበሩና፣ ሣጥኑ ሲከፈት የብዙዎች ፊት ወደቀ። በቱቦው ዙሪያ የሚታሰር የብረት ቀለበት፣ በቀለበቱ ላይ የሚሽከረከር ከጫማ ሣጥን ብዙም የማይበልጥ ነገር፣ ከእሱ ጋር አንድ ስክሪን። ነገሩ ያለው ዓይኑ ላይ ነው። ከእሳቱ ትንሽ ቀድማ የምትሄድ ቀይ ጨረር አለች፤ ሁለቱ ቱቦዎች የተገናኙበትን ክፍተት እያነበበች ትሄዳለች። ክፍተቱ ሲሰፋ ማሽኑ ራሱ ቀስ ይላል፣ ሲጠብ ይፈጥናል፣ ቱቦው ሞላላ ሆኖ ከተጣመመ እሳቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አጎቴ በዓይናቸውና በእጃቸው የሚያደርጉት ነው። ልዩነቱ ማሽኑ ዓይኑ አያነባም፣ ወገቡንም አያመውም።

ሊያስተምር ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አንድ ሰው ምረጡ ሲል እኔን መረጡ። ቴክኒክና ሙያ ጨርሻለሁ፣ መመሪያውን አነባለሁ፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት በዚያ ሳይት ላይ «ሴትዮዋ» ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ «የሮቦቷ» ተባልኩ። ሁለቱም ስም አይደሉም፣ ግን ሁለተኛው ይሻላል።

አጎቴ ነገሩን የሰሙት ከእኔ አይደለም። ማታ ለመንገር አስቤ ነበር፤ መርሳ ምሳ ቤት ውስጥ አንዱ ለፍላፊ ቀደመኝ። መስመሩ ወንዝ በሚያቋርጥበት መጋጠሚያ ላይ ማሽኑ ሊፈተን እንደሆነና ካለፈ የእጅ በያጆች እንደሚቀነሱም አብሮ ነገራቸው። አጎቴ የጎረሱትን ዋጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጡ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው አጎቴ። ዛሬ ማታ ልነግርዎት…»

«ያስያዝኩሽን እጅ አምጥተሽ በእሱ ቆረጥሽኝ» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት እችልበታለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ፈረቃ አላንጎራጎሩም። ሌሎቹ በእጅ ሲበይዱ እንደ ድሮው ነው፤ እኔ ማሽኑን ይዤ ስመጣ ቱቦው ጭር ይላል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ሲፈልጉ አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ሳይፈልጉ ይተዉታል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ባሉ ቁጥር ልቤ ወደ አፌ ይመጣ ነበር። አንዴ ማሽኑን አቁሜ ሮጬ ቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ስል፣ ከውስጥ ባትሪያቸውን ዓይኔ ላይ አበሩብኝና «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዝም ሲሉ ፎርማኑ «ኩርፊያ ላይ ናቸው» ይላል፤ ሁላችንም ለመድነው። ዝምታን መልመዳችን ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባንም።

የወንዙ መጋጠሚያ የሚበየድበት ቀን ደረሰ። መስመሩ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ያለውን ወንዝ ሲያቋርጥ ከሁለቱም ዳር ቁልቁል ይወርድና መሃል ላይ ይገናኛል። ያ መሃሉ ላይ ያለው መጋጠሚያ ከሁሉም ዝቅ ያለው ነው፤ ጎርፍ የሚያንገላታውም እሱ ስለሆነ ፈተናው እዚያ እንዲሆን አማካሪው መሐንዲስ ወሰነ። መሐንዲሱ ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ግን ቃሉ ቃል ነው። ማሽኑ አንዴ ከተነሳ ሩቱን ሳያቋርጥ ዙሩን መጨረስ አለበት፤ ካቋረጠ ፈተናው ወድቋል፣ ማሽኑም ወደ መጣበት ይመለሳል አለ። ማሽኑ ከተመለሰ እኔም ወደ ቤቴ ነኝ። ይህን የሚነግረኝ አላስፈለገም።

የወረዳ ሰዎች መጡ። ገበሬው ከማንጎና ከብርቱካን ማሳው ወጥቶ ዳገቱ ላይ ተኮለኮለ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለሥራው ዱዓ አደረጉ፤ «አላህ ውሃውን ያግራው፣ ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅ» ሲሉ እጆች ሁሉ ወደ ላይ ነበሩ፣ የፎርማኑም ጭምር። አንድ አዛውንት ወደ እኔ እያመለከቱ «ይቺ ናት እሳቱን የምታዘው?» ብለው ጠየቁና፣ «ያረቢ፣ ስንቱን ታሳየናለህ!» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ያልሳቅኩት ጠዋት በቁራጭ ቱቦ ላይ የሞከርኩት ብየዳ ተበላሽቶ ስለነበር ነው፤ የሞከርኩት ከላይ በቱቦው አፍ፣ ለዚህ ዝቅ ያለ መጋጠሚያ የመጣው አየር የሚነፋ አዲስ ፋን አጠገብ ነበር። እንደ ዳቦ ሆድ ተበሳስቶ ወጣ። ማሽኑ የሚረጨው ጋዝ ቀልጦ ያለውን ብረት ከአየር ይጠብቀዋል፤ ብየዳው ከተበሳሳ ጋዙ በቦታው አልደረሰም ማለት ነው። ለምን እንዳልደረሰ አላወቅንም። ሁሉንም አየን፣ ቀየርን፤ በመጨረሻ መሐንዲሱ «የጋዙን መጠን ጨምሪው» አለኝና ጨመርኩት። ሌላ ለመሞከር ጊዜ አልነበረም። ያስተማረኝ ባለሙያ ስልኩ ዝግ ነበር። አጎቴ ያን የተበሳሳ ቁራጭ ከመሬት አንስተው አገላብጠው አዩት፤ አውራ ጣታቸውን አስኬዱበትና መልሰው አስቀመጡት። እኔ «ደስ ይበልዎት» ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ጃኬታቸውን ግራሩ ላይ ሰቀሉ፣ ገመዱ ወገባቸው ላይ ታሰረ። ባጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። ከላይ ከዳገቱ በኩል ወዳለው የቱቦው አፍ ሄደው፣ እዚያ አየር የሚነፋውን ፋን ከሚጠብቀው ሰው ጋር አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩና ገቡ። እኔ ከታች መጋጠሚያው አጠገብ ነኝ። ቀለበቱን ለሦስተኛ ጊዜ ፈተሽኩ፣ ጨረሯን አበራሁ፣ ላቤን ጠረግሁ።

ያኔ ከብረቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። መንዙማ። ቀስ ያለ፣ ወደ እኔ እየተሳበ የሚመጣ።

ፎርማኑ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። በእኔ ፈረቃ! ዓይኔ እንባ አቀረረና ማስኬን አወረድኩበት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማሽን ከመንዳት የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ያ ድምፅ ግን ጉልበቴን መለሰልኝ። ድምፁ ከመጋጠሚያው ሥር ሲደርስ ቆመ፣ አንድ ጊዜ በመዶሻ መቱ፣ መንዙማው ቀጠለ። ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ቁልፉን ተጫንኩ።

እሳቱ ተነሳ። ጨረሯ ከፊቱ መሄድ ጀመረች፣ ማሽኑ ተከተላት። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ክፍተቱ አንድ ቦታ ላይ ሰፋ ብሎ ነበር፤ ማሽኑ ራሱ ቀስ አለ፣ አለፈው። መሐንዲሱ ከኋላዬ ቆሞ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ይላል። የብየዳው ድምፅ ያለ መንተፋተፍ ይሰማል፤ ጥሩ ብየዳ በጆሮ ይታወቃል። ጠዋት የተበሳሳው ነገር አሁን እንደ ተሰፋ ጨርቅ ለስልሶ ይወጣል። ጋዙን መጨመራችን ነው የሠራው ብዬ አሰብኩ። ከሥሩ ደግሞ የአጎቴ ድምፅ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

ማሽኑ በጎን ወርዶ ወደ ቱቦው ሆድ ሲደርስ መንዙማው መጎተት ጀመረ። ስንኙን ሳይጨርሱ አቋረጡ፣ እንደገና ጀመሩ፣ ከዚያ ቀረ።

ጠበቅኩ። አንዳንዴ ሲሞርዱ ያቋርጣሉ፤ ግን የሞረድ ድምፅ የለም።

«አጎቴ!» አልኩ። መልስ የለም። አጠገቤ የነበረውን የብሎን መፍቻ አንስቼ ቱቦውን መታሁት። መልስ የለም።

«ተያቸው፣ ኩርፊያቸው ተነስቶባቸው ነው» አለ ፎርማኑ። «ብየዳሽ ሲያምር ሰምተው ይሆናል።» አጠገቡ ያለው ሳቀ።

እኔም ያንኑ አሰብኩ፤ መዋሸት አልፈልግም። ማሽኑ ያለ እሳቸው ሲያምርለት እያዩ ነው፣ ከፍቷቸው ነው አልኩ። ስክሪኑን አየሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ያ ዓይን የፀጉር ያህል ክፍተት አያመልጠውም፤ ከብረቱ በስተጀርባ ስላለው ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አሁንም መታሁ። አሁንም ጠበቅኩ። ከዙሩ ግማሹ ቀርቷል።

ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። አጎቴ ሲያኮርፉ መንዙማ አይጀምሩም። አንዴ ከጀመሩ ግን ስንኝ አያቋርጡም፤ ወርክሾፕ እያለን ደንበኛ እየጠበቃቸው እንኳ ስንኙን ጨርሰው ነው የሚያናግሩት። ለእኔ የጀመሩትን መንዙማ ለመናደድ ብለው መሃል ላይ አይቆርጡትም። እጄ ቀዩ ቁልፍ ላይ ነበር። መሐንዲሱ እጄን አይቶ «እንዳትነኪው!» አለ፣ «ምንም ችግር የለበትም እኮ!»

ተጫንኩት።

እሳቱ ሲጠፋ ወንዙ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሐንዲሱ «ምን አደረግሽ?» ሲል ከኋላዬ ይሰማኛል፤ እኔ ዳገቱን እየወጣሁ ነው። ቱቦው አፍ ጋ ስደርስ በሆዴ ተኝቼ ጠራሁ። የባትሪያቸው ብርሃን ከታች ይታያል፣ አይንቀሳቀስም፣ ጣሪያውን ያበራል። ልገባ ትከሻዬን ስሰድ ፎርማኑ ደረሰና ቀበቶዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። መታሁት። በእግሬም መታሁት።

«በማርያም፣ ሁለታችሁም ልትቀሩ ነው? ገመዱን ያዢ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ዞሮ፣ «ፋኑስ? ፋኑ ለምን አይሠራም?»

ያኔ ነው ፋኑ እንደማይሠራ ያየሁት። የጄነሬተሩ ድምፅ ስለሚሸፍነው ማንም አላስተዋለም ነበር። የሚጠብቀው ሰው ፊቱ አመድ መስሎ ማብሪያውን ሲጫን አየሁት። ገመዱን ይዤ ሳብኩ። ከበደኝ። ሰው በሕይወት ካለ ገመዱን መልሶ ይስባል፣ ወይ ይራገማል፣ ወይ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ይሄ ዝም ብሎ የከበደ ነገር ነበር። «ያረቢ፣ ያረቢ» እያልኩ እስባለሁ። ዳገቱ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ሳይጠሯቸው ወረዱ፤ አረንቋ የገባ በሬ እንደሚያወጡ እግራቸውን ተክለው አብረውን ጎተቱ። ብረቱ ላይ የልብስ መጎተት ይሰማል፣ ይቆማል፣ ይሰማል። ቱቦው ቁልቁል ነውና እያንዳንዷ ክንድ ዕድሜ ወሰደች።

መጀመሪያ እግራቸው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ወጣ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነበር። ኮፍያቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ያለ ኮፍያ አይቻቸው ስለማላውቅ ለቅጽበት የሌላ ሰው ራስ መሰለኝ። ግራሩ ሥር አስተኛናቸው። ዱዓ ያደረጉት አዛውንት በጋቢያቸው ያራግባሉ። ደረታቸው ላይ ጆሮዬን አስቀመጥኩ፤ የራሴ ልብ ስለሚደልቅ የእሳቸው መሆኑን መለየት አቃተኝ። «ይተንፍሱ! ያኮረፉ እንደሆን በኋላ ያኮርፋሉ፣ አሁን ይተንፍሱ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሳሉ። እንደገና ሳሉ፣ ወደ ጎን ዞረው አስመለሱ። ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዙሪያውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

«ሩቱ አለቀ?» አሉ።

ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ። «ምን ሩት ነው የሚሉኝ! አቋረጥኩት!»

«ወላሂ አበድሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

እስከ መርሳ በፕሮጀክቱ መኪና፣ ከዚያ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ኦክስጅን ሰጥቶ አሳደራቸው። በኋላ እንዳስረዱን፣ ማሽኑ የሚረጨው ጋዝ ከአየር ይከብዳል። በክፍተቱ ሾልኮ ወደ ቱቦው ይገባል፣ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል፤ አይሸትም፣ አያስስልም። ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር፣ አለ ሐኪሙ።

መጋጠሚያው ወድቋል ተባለና ተቆርጦ ወጣ። ሥራዬን ያጣሁ መስሎኝ ዕቃዬን ልሰበስብ ስሄድ መሐንዲሱ አስቆመኝ። «ስላቆምሽው ነው የምትቆዪው» አለኝ። ማሽኑንም አልመለሱትም። ከዚያ ወዲህ ግን ቱቦው ውስጥ ሰው አይገባም፤ በጎማ የምትሄድ ትንሽ ካሜራ ገዝተው ሩቱን ከውስጥ የምታየው እሷ ሆነች። አጎቴን ከሞት የሚጠብቀው ሕግ እንጀራቸውንም አብሮ ወሰደው። ወደ ወልድያ ተመለሱና ወርክሾፓቸውን በተውሶ ማሽን ከፈቱ። ልጠይቃቸው ስሄድ «ደህና ነኝ» ብቻ ይሉኛል። ሥራቸውን ስላጡ ነው፣ ይቅር አላሉኝም ብዬ ሆዴ ባባ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የፋኑ ጠባቂ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሸሸኝ ነበር።

«እኔ አይደለሁም ያጠፋሁት» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ማለቴ እጄ ነው፤ ግን ጋሼ ናቸው ያዘዙኝ። ሊገቡ ሲሉ ‹ነፋሱ በክፍተቱ እየወጣ ጋዙን ይበትንባታል፣ ጠዋት ብየዳዋን ያበላሸው እሱ ነው፣ ሩቱን እስክትጨርስ አጥፋልኝ› አሉኝ። ‹እንዳትነግራት፣ እጇ ይፈራል› አሉኝ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ቁራጭ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ፣ ደስ ይበልዎት ልላቸው የነበረው ትዝ አለኝ። ያ ለስልሶ የወጣ ብየዳ፣ ያ አረንጓዴ ስክሪን፣ ያ ሁሉ ደስታዬ ከእሳቸው ሳንባ የተቀነሰ ነበር።

በዚያው ቀን ከሥራ በቀጥታ ወልድያ ሄድኩ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ወርክሾፑ በር ላይ ወረድኩ። የግቢ በር እየበየዱ ነበር። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ለምን ፋኑን አስጠፉት? ቢሞቱስ?»

ማስካቸውን ገለጥ አደረጉ። ማን እንደነገረኝ አልጠየቁም። «በሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ» አሉ። «ያን ሁሉ ሰው ሰብስበውብሽ።»

«ማሽኑ ቢያልፍ እኮ የሚባረሩት እርስዎ ነበሩ!»

«እሱን አውቃለሁ።» የኤሌክትሮዱን ጫፍ አዩ። «ያስተማርኩት ሰው እንዲወድቅ መጠበቅ ግን አልቻልኩም። ኩርፊያዬን እንደሆነ አልጨረስኩም፣ ተቀመጪ።»

ባልተጨረሰ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ማስካቸውን አወረዱ፣ እሳቱ ተነሳ፣ ከማስኩ ሥር መንዙማው ጀመረ። ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ሰማሁት። መሃል ላይ ኤሌክትሮዱ አለቀባቸውና እሳቱ ጠፋ፣ ድምፃቸውም አብሮ ቆመ። ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ እጄ አየር ላይ ያን ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ ይፈልግ ነበር።

አጎቴ አዩኝ። አዲሱን ኤሌክትሮድ ሳያስገቡ መዶሻቸውን አነሱና በሩን አንድ ጊዜ መቱልኝ።